የወላድ ውሳኔና የመንገዱ ርዝመት

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



የስብሰባው አዘጋጆች ስለ ገጠር መሠረተ ልማትና ስለ ሕዝብ ኑሮ አንድ ንግግር እንዳቀርብ ሲጋብዙኝ፣ ስለ መስኖ ቦይ ወይም ስለ ጉድጓድ ውኃ እናገራለሁ ብለው ሳይገምቱ አልቀሩም። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ወሊድ ነው። መሐንዲስ ስለ ወሊድ ምን አግብቶት ይናገራል የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችሁ አእምሮ እንደሚመላለስ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በንግግሬ ሂደት ታገኙታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የማነሣው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በራያ ቆላ፣ በተለይም በቆቦና በአካባቢው የምትኖር አንዲት ነፍሰ ጡር፣ የት እንደምትወልድ፣ ማን አጠገቧ እንደሚሆንና በምን ሁኔታ እንደምትገላገል ለመወሰን ምን ያህል ሥልጣን አላት? ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ለጤና ባለሙያዎች ነው። እነርሱም ሲመልሱ ስለ ባል ፈቃድ፣ ስለ ልማድና ስለ ግንዛቤ ማነስ ይናገራሉ። የሚሉት ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን ከሴቲቱ ደጃፍ እስከ ማዋለጃው አልጋ ድረስ ያለውን ሁሉ፣ ማለትም መንገዱን፣ መሻገሪያውን፣ ክፍሉን፣ ውኃውንና መብራቱን የሠራነው ወይም ሳንሠራ የተውነው እኛ ነን። ስለሆነም የእናቲቱ ውሳኔ ከፊሉ በእኛ የንድፍ ወረቀት ላይ አስቀድሞ ተወስኖ ይጠብቃታል የሚል እምነት አለኝ።

ቁጥሮቹ የሚነግሩን

በመጀመሪያ እስከ አሁን የተገኘውን ውጤት ማቃለል አይገባም። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ መሠረት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ። ይኸው ቁጥር በ2003 ዓ.ም. ወደ 10፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 48 ከፍ ብሏል። በ1992ቱ ዳሰሳ ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 871 ሆኖ የተገመተው የእናቶች ሞት በ2008ቱ ዳሰሳ 412 ሆኗል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ለየወረዳው የተከፋፈሉት አምቡላንሶች፣ እንዲሁም በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ መደረጉ ለዚህ ውጤት ድርሻ እንዳላቸው አያጠራጥርም።

በ2003ቱ ዳሰሳ ከጤና ተቋም ውጭ የወለዱ እናቶች ምክንያታቸውን ተጠይቀው ነበር። ከ100ው 61ዱ «አስፈላጊ አይደለም» ሲሉ፣ 30ዎቹ «አልተለመደም» ብለዋል። ይህን የሚያነብ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን ይነቀንቅና «ማስተማር ያስፈልጋል» ይላል። እኔ ግን መልሱን እንደ መሐንዲስ ላነበው እወዳለሁ። ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከባድ ችግር የሚገጥማቸው 15 ያህሉ ናቸው ተብሎ ይገመታል። እንግዲህ አራት ልጆች በቤቷ በሰላም የወለደች እናት አምስተኛውንም በቤቴ እወልዳለሁ ብትል፣ ከራሷ ልምድ ተነሥታ ያደረገችው ስሌት ነው። የጉዞው ድካም፣ ወጪና እንግልት እርግጠኛ ነው፤ አደጋው ግን ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። እኛስ ድልድይ ስንነድፍ የምናደርገው ይህንኑ አይደለምን? የ50 ዓመት ጎርፍ እንይዛለን እንጂ የ1,000 ዓመት ጎርፍ አንይዝም፤ ምክንያቱም ወጪው ከአደጋው ጋር ይመዛዘናል።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት በዚህ ሥፍራ ሊታወሰን ይገባል። አራት ጊዜ ያማጠችን ሴት ስለ ምጥ ለማስተማር ከመነሣታችን በፊት ስሌቷ የት ላይ እንደሚያጥር ማወቅ ይበጃል። የሚያጥረውም በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከ100ው መካከል አደጋ የሚደርስባቸው 15ቱ እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ በእርግጠኝነት ለመለየት የማይቻል መሆኑ ነው። ይህን ጎደሎ ብትሞላው እንኳ የጉዞው ዋጋ ካልቀነሰ ውሳኔዋን ለመለወጥ አቅም አይኖራትም። ዋጋውን የሚቀንሰው ደግሞ ከትምህርቱ ይልቅ መንገዱ ነው።

ርቀትና ጊዜ

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ተዘርግታ፣ በስተምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ያዋስኗታል። በከተማይቱ፣ እንዲሁም እንደ ሮቢትና ጎብዬ ባሉት የጎዳና ዳር ከተሞች ለምትኖር ሴት መኪና ማግኘት ቢያንስ የሚታሰብ ነገር ነው። ቆቦ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት፤ ከዚያ ለሚያልፈውም የወልድያ ሆስፒታል አለ። ከጎዳናው በግራና በቀኝ ራቅ ብሎ፣ በማሽላው ማሳ መካከልና በተራራው ግርጌ የሚኖረው ሕዝብ ግን በሌላ ዓለም እንዳለ ይቆጠራል።

አካባቢውን የምታውቁ ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርዱት ወራጆች አብዛኞቹ በበጋ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ናቸው። ግመልም ሰውም ያለ ችግር ያልፍባቸዋል። ክረምት ሲገባ ግን ከላይ የዘነበው ዝናብ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይወርዳል፤ በቆላው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እንኳ ወንዙ ይሞላል። በወንዙ ማዶ ምጥ የያዛት ሴት ጎርፉ እስኪያልፍ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የላትም።

አሁን ስለ ጊዜ እንነጋገር። የእናቶችን ጤና የሚያጠኑ ሊቃውንት ሲጠቀሙበት የቆየ ግምት አለ። በግምቱ መሠረት ሕክምና ካልተገኘ፣ ችግሩ ከጀመረበት አንሥቶ እስከ ሞት ያለው አማካይ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ የደም መፍሰስ 2 ሰዓት፣ ከወሊድ በፊት ለሚመጣው 12 ሰዓት፣ ለማኅፀን መቀደድ 1 ቀን፣ ለተስተጓጎለ ምጥ 3 ቀን፣ ለወሊድ መመረዝ 6 ቀን ያህል ነው። ለእኛ ሙያ ይህ ሠንጠረዥ የንድፍ መነሻ ቁጥር ነው። ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ ብንል፣ 12 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 4 ሰዓት ይፈጃል። ተሸካሚዎች የሚሰበሰቡበትን 1 ሰዓት ስንጨምር 5 ሰዓት ይሆናል። ደሟ የሚፈስስ እናት ያላት ጊዜ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ በዚያ ርቀት ላይ ለሚገኝ ቤት፣ ደሙ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ የሚሰጥ ውሳኔ፣ የባልም ይሁን የሚስት፣ ዘግይቷል። እውነተኛ ውሳኔ ሊሆን የሚችለው ከምጡ አስቀድሞ የተደረገው ብቻ ነው።

በዚህ ላይ በሙያችን ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ አሠራር ችግሩን ያባብሰዋል። መንገድ ለመሥራት ቅድሚያ ስንሰጥ በቀን ስንት ተሽከርካሪ እንደሚያልፍ እንቆጥራለን። መሻገሪያ በሌለው ወንዝ ላይ የሚያልፍ ተሽከርካሪ የለም፤ ተሽከርካሪ ባለመኖሩም መሻገሪያው አያስፈልግም የሚል ድምዳሜ ላይ እንደርሳለን። በቤቷ የቀረችው እናት በቆጠራችን ውስጥ ዜሮ ሆና ትመዘገባለች። የጤና ዳሰሳው «አስፈላጊ አይደለም» አለች ብሎ ይጽፋታል፤ የመንገድ ጥናቱ ደግሞ ጨርሶ አያውቃትም።

ውሳኔው የማን ነው?

በ2008ቱ ዳሰሳ ሴቶች ለራሳቸው ሕክምና ለማግኘት የሚያስቸግራቸው ምን እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። ከ100 ሴቶች 55ቱ ገንዘብን፣ 50ዎቹ ርቀትን፣ 42ቱ ብቻቸውን ለመሄድ አለመፈለጋቸውን፣ 32ቱ ፈቃድ ማግኘትን ጠቅሰዋል። በስብሰባዎች ሁሉ አብዝተን የምናነሣው የባል ፈቃድ ከአራቱ የመጨረሻው ነው።

ይሁን እንጂ አራቱ ችግሮች የተለያዩ አይመስሉኝም። ጤና ጣቢያው በግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ቢሆን፣ ሴቲቱ መቀነቷን አጥብቃ ከጎረቤቷ ጋር ትሄዳለች፤ የመኪና ኪራይ አያስፈልጋትም፤ የሚሰጣትም ፈቃድ ገበያ ደርሼ ልምጣ ከማለት አይበልጥም። ጉዞው ግማሽ ቀን የሚወስድ ሲሆን ግን ስምንትና ከዚያ በላይ ተሸካሚዎች፣ ለመኪና የሚከፈል ገንዘብ፣ አብሮ የሚሄድ ሰው፣ ቤቱን፣ ልጆቹንና ከብቱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ነገሩ የእርሷ ብቻ መሆኑ ይቀርና የቤተሰቡ፣ የአማቶቹና የመንደሩ ጉዳይ ይሆናል። ሥልጣኗ በርቀቱ ልክ ለሌሎች ይከፋፈላል።

ይህን ስል ባሎችንና አማቶችን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ከጤና ጣቢያ አጥር ሥር እየኖረች እንኳ ቃሏ የማይሰማላት ሴት አለች፤ ይህንም የሚያርመው መንገድ ሳይሆን ሕግና ኅብረተሰቡ ራሱ ነው። እኔ የምለው መንገዱ ሲያጥር የሌሎች ጣልቃ መግቢያ ምክንያትም ያጥራል ነው።

በወሎ ገጠር «ቅሬ» የሚባለውን የመረዳጃ ማኅበር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰው ሲሞት የቅሬው አባል ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ የቀረ ይቀጣል። አስከሬን ለመሸከም ማንም ደጅ አይጠናም። ምጥ የያዛትን ሴት ለመሸከም ግን በሌሊት ከቤት ቤት እየዞሩ መለመን የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። በአገራችን ልዩ ልዩ ሥፍራዎች ሕመምተኛን ለመሸከም የተቋቋሙ የቃሬዛ ማኅበራት አሉ። የቅሬው ደንብ ለሟች ያደረገውን ለወላድም ቢያደርግ ሴቲቱ ልመናዋ ወደ መብት ይለወጥላታል።

ከደረሰች በኋላ

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ መድረስ ነው። ይሁንና ጤና ተቋም መድረስ ማለት በወሊዱ ላይ ሥልጣን ማግኘት ማለት አይደለም።

በቤቷ የምትወልድ ሴት ብዙውን ጊዜ ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ፣ ሌላ ሴት ከኋላዋ ደግፋት ታምጣለች። ክርስቲያን ከሆነች ማርያም ትጠራላታለች፤ ሙስሊም ከሆነች ዱዓ ይደረግላታል። በወሎ እንደሚታወቀው ደግሞ ጎረቤቶቿ ከሁለቱም ወገን ናቸው። ከተገላገለች በኋላ ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል። በማዋለጃ ክፍል ግን ብቻዋን ትገባለች፤ በጠባብ አልጋ ላይ በጀርባዋ ትተኛለች፤ እናቷም እህቷም ከበር ይመለሳሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የምጥና የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ፣ እናት ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ የሚመቻትን አቀማመጥ እንድትመርጥ፣ ምጡም በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር ስላልከፈተ ብቻ ለማፋጠን እንዳይጣደፉባት አሳስቧል። እነሆ የእናቶቻችን ልማድ በዚህ ረገድ ከሳይንሱ ጋር ተገናኝቷል። ገንፎውንም ቢሆን ዛሬ በግቢያቸው የሚያዘጋጁ ጤና ጣቢያዎች አሉ።

መመሪያውን የሚያስፈጽመው ወይም የሚያግደው ግን ግድግዳ ነው። ሦስት አልጋ ያለ መጋረጃ የተደረደረበት ክፍል አጃቢ ሊያስገባ አይችልም፤ የአንዷ እናት ሌላዋን እርቃኗን ታያለችና። አዋላጇ «ውጭ ጠብቁ» ስትል ጨካኝ ሆና ሳይሆን ክፍሉ አስገድዷት ነው። ለሥራ በተዘዋወርሁበት በአንድ ሥፍራ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ የማዋለጃው መስኮት በሽተኞች ተራ በሚጠብቁበት በረንዳ ላይ ተከፍቶ አይቻለሁ። አዋላጇ መስኮቱን በካርቶን ሸፍናዋለች፤ በዚህም ምክንያት ክፍሉ በቀትር ጨልሞ በእጅ ባትሪ ይሠራ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የመስኖ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል። ማሽላው ኃይል አግኝቷል፤ ማዋለጃው አላገኘም። የሁለቱ ንድፍ በሁለት የተለያዩ ቢሮዎች ስለተሠራ አንዱ የሌላውን አያውቅም።

«መጀመሪያ ነፍሷን እናድን፤ ስለ ምቾትና ስለ ምርጫ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» የሚል መቃወሚያ ሊቀርብብኝ ይችላል። ነፍስ ማዳን መቅደም እንዳለበት እስማማለሁ። ቤት ውስጥ ደም የሚሰጥ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ የለም፤ የቤት ወሊድን አሳምሮ መሳልም እናቶችን መበደል ነው። ዳሩ ግን ሁለቱን ነገሮች መለየት አይቻልም። አንዲት ሴት ተዋርዳ ከተመለሰች በሚቀጥለው አትሄድም፤ ለእህቷም፣ ለጎረቤቷም ትነግራለች። በውኃ መመላለሻ ላይ የሚነገረው ይህ ወሬ ከእኛ ፖስተር ሁሉ ይበልጥ ይታመናል። ክብሯን የሚጠብቅ ክፍል እንግዲህ የነፍስ ማዳኑ ሥራ አንድ ክፍል ነው።

ጦርነቱ ያስተማረን

ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ፣ እንደገናም ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቆቦና አካባቢዋ የጦርነት ሜዳ ነበሩ። በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ፈርሰዋል፤ አምቡላንሶች ጠፍተዋል። ለዓመታት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ሲመከሩ የኖሩ እናቶች በአንድ ሰሞን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያ ምርጫ አልነበረም። ቀደም ሲል የልምድ አዋላጆችን ተዉ ብለን ነበር፤ በችግሩ ቀን ግን ከእነርሱ በቀር ማንም አልተገኘም።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት በሙያችን የታወቀ ነው። በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ የቆመ ጣራ ያ ምሰሶ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል። የእናቲቱ ምርጫ በአንድ አምቡላንስና በአንድ ሕንፃ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መሆን የለበትም።

ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ይህ ሁሉ ከሙያችን ውጭ ነው የምትሉ እንዳትኖሩ፣ በእጃችን ያሉትን ጥቂት ነገሮች ልጥቀስ።

አንደኛ፣ የገጠር መንገድ ስናጠና ከተሽከርካሪ ቆጠራው ጎን፣ በክረምት ከጤና ጣቢያ የሚቆረጡ አባወራዎች ስንት እንደሆኑና በውስጣቸው በዓመት ስንት ወሊድ እንደሚጠበቅ እንቁጠር። መሻገሪያም ሲነደፍ በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይጻፍበት። የእግረኛ ድልድይ በሚሠራበት ቦታ ደግሞ ስፋቱ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ጎን ለጎን የሚያልፉበት ይሁን።

ሁለተኛ፣ ማዋለጃ ክፍል ያለ ውኃ፣ ያለ መብራትና በሩ በሚዘጋ መጸዳጃ ሳይታገዝ «ተጠናቀቀ» ተብሎ ርክክብ አይፈረምበት። በአልጋዎቹ መካከል ግድግዳ ወይም መጋረጃ፣ አንድ አጃቢ የምትቀመጥበት ሥፍራ፣ ተንበርክካ ለምታምጥ እናት ምንጣፍ የሚነጠፍበት ወለልና የምትይዘው መደገፊያ ይኑር። እነዚህ ሁሉ ከጠቅላላው የሕንፃ ወጪ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው።

ሦስተኛ፣ ከወሊድ በፊት የሚቆዩበትን ማረፊያ ቤት እንደ ተጨማሪ ጎጆ አንመልከተው። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ እንዲህ ያለ ማረፊያ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 የነበረው መዝገብ ሲጠና፣ በማረፊያው ቆይተው ከወለዱት ዘንድ ከ1,000 ወሊድ 18 ያህሉ ሕፃናት ሞተው ሲወለዱ፣ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ 191 ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ችግር ከገጠማቸው በኋላ የመጡ ስለሆኑ ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም፤ ነገር ግን አስቀድሞ መድረስ ምን እንደሚያተርፍ ያሳያል። ለራያ ቆላ ማረፊያው ወንዙ ሳይሞላ የሚገባበት፣ ትንሽ ልጅ ይዞ የሚታደርበት፣ ምግብ የሚበሰልበት ሊሆን ይገባዋል። አለዚያ ቤቷንና ልጆቿን ትታ የምትመጣ እናት አትገኝም፤ ቤቱም ባዶውን ይቀራል።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ለእናቶችና ለአዋላጆች ይታይ። ወረቀት ማንበብ የማይችሉ ቢኖሩ ክፍሉን በመሬት ላይ በኖራ እናስምረው፤ በሩ የት እንደሆነ፣ አልጋው ወዴት እንደሚዞር ገብተው ይዩት። መስኖ ስንሠራ ገበሬውን የውኃውን ተራ እንጠይቃለን። ወላድን ስለ ማዋለጃዋ የማንጠይቅበት ምክንያት አይታየኝም።

በንግግሬ መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት ጥያቄ ሴቲቱ ምን ያህል ሥልጣን አላት የሚል ነበር። መልሴ የሚከተለው ነው። የመወሰን ሥልጣን ከሁለት ነገሮች ይገነባል፤ አንደኛው ቃሏ የሚሰማላት መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው የወሰነችው ነገር ሊፈጸም የሚችል መሆኑ ነው። የመጀመሪያው የመላው ኅብረተሰብ ዕዳ ነው፤ እኛም እንደ ባል፣ እንደ ወንድምና እንደ ልጅ ድርሻችንን እንከፍላለን። ሁለተኛው ግን በተለይ የእኛ የሙያ ዕዳ ነው። በሚቀጥለው የበጀት ዓመት በእጃችሁ ከሚያልፉት ንድፎች መካከል አንድ የጤና ጣቢያ ወይም አንድ የወንዝ መሻገሪያ ቢኖር፣ ከመፈረማችሁ በፊት በዚያ የምታልፈውን ነፍሰ ጡር አስባችሁ አንድ ጊዜ እንድትመለከቱት አደራ እላለሁ።